ለማንኮራፋት አፍ ውስጥ የሚደረገው ዕቃ ይሠራል ወይ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። አባትሽ ፍኖተ ሰላም ናቸው፤ ሌሊት ያንኮራፋሉ፣ በመሀል ጭጭ ይሉና እንደታፈነ ሰው ብንን ይላሉ። የጥርስ ሐኪም አፍ ውስጥ የሚደረግ ዕቃ አለ ብሏቸው፣ ይሠራል ወይ ነው ያልሽው። እኔ ደብረ ማርቆስ ነኝ፤ እሱኑ አድርጌ ነው የምተኛው። ይሠራል፤ ግን ለሁሉም ሰው አይደለም።

ስንተኛ የጉሮሮ ጡንቻ ይላላል፣ ምላስ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ የአየር መንገዱ ይጠባል። ማንኮራፋት የዚያ ጥበት ድምፅ ነው። ጭራሽ ሲዘጋ ትንፋሽ ይቋረጣል፤ ስሊፕ አፕኒያ የሚሉት ይሄንን ነው። ዕቃው የላይና የታች ጥርስን ይይዝና የታችኛውን መንጋጋ ትንሽ ወደ ፊት ያወጣዋል። ምላስም አብሮ ይመጣል፣ መንገዱ ይከፈታል።

ግን እንዳልኩሽ ለሁሉም ሰው ስላልሆነ፣ ለዕቃው የጥርሳቸው ልክ ከመወሰዱ በፊት የእንቅልፍ ምርመራ ይደረግላቸው። ምርመራው በሰዓት ስንት ጊዜ ትንፋሽ እንደሚቋረጥ ወይም እንደሚቀንስ ይቆጥራል። ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ ከ15 እስከ 30 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከባድ ይባላል። ዕቃው በደንብ የሚሠራው ለቀላልና ለመካከለኛው ነው። ለከባዱ ሲፓፕ የሚባለው፣ በማስክ አየር የሚገፋው ማሽን ይቀድማል። ያም ሆኖ ማሽኑን መልመድ ላቃተው ሰው ባዶ እጁን ከመተኛት ዕቃው ይሻላል።

እኔ አዲስ አበባ ተመርምሬ መካከለኛ ነው ተባልኩ። ሲፓፕ ቁጥሩን በማውረድ እንደሚበልጥ ሐኪሙ አልደበቀኝም። ግን ማሽኑ መብራት ይፈልጋል፤ የእኛን አገር መብራት ደግሞ ታውቂዋለሽ። ዕቃውን መረጥኩ።

መጀመሪያ ላይ ትራስ በለሃጭ ይርሳል። ጠዋት መንጋጋ ያማል፣ ጥርስም እስከ ቁርስ ድረስ አልገጥም ይላል። ያልፋል። ሐኪሙ መንጋጋውን ወደ ፊት የሚያወጣው በአንድ ጊዜ ሳይሆን ቀስ በቀስ ነው፤ አባትሽ ቸኩለው እንዳይተዉት። በዓመታት ውስጥ የጥርስ አገጣጠም ሊለወጥ ስለሚችል ክትትሉ አይቋረጥም። በፈላ ውኃ አትጠቡት፣ ቅርጹ ይበላሻል። ኢንተርኔት ላይ የሚሸጠውን፣ በሙቅ ውኃ አለስልሰው የሚነክሱትን ግን ተዪው፤ በልክ እንደተሠራው አይሆንም።

የአባትሽ ጥርስ እንዴት ነው? ዕቃው የሚይዘው ጠንካራ ጥርስ ይፈልጋል። ድዳቸው የታመመ ከሆነ መጀመሪያ ይታከም። መንጋጋቸው መጋጠሚያው ላይ የሚያማቸው ከሆነም ቀድመው ይናገሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። የእኔ ማንኮራፋት ሲጠፋ ባለቤቴ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ሐኪሙ ግን ዕቃውን አድርጌ እንደገና እንድመረመር አደረገኝ። ድምፁ ጠፍቶ ትንፋሹ መቋረጡን ሊቀጥል ይችላላ! ይህን ሁለተኛ ምርመራ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እናንተ አትዝለሉት።

ማታ ማታ አረቄ የሚቀምሱ ከሆነ ይተዉት፤ ጉሮሮን የባሰ ያላላል። (ጎጃሜ አባት እሺ ካለሽ!) በጀርባ ከመተኛት በጎን ይሻላል። የደም ግፊት ካለባቸው ለሐኪሙ ይንገሩ፣ አፕኒያ ግፊትን ያባብሳል። ቀን ቀን የሚያንጎላጃቸው ከሆነና መኪና የሚነዱ ከሆነ ደግሞ፣ ታክመው እስኪሻላቸው ድረስ ከደጀን ወደ ዓባይ የሚወርደውን ቁልቁለት ሌላ ሰው ይንዳላቸው።