ጡት ከተወገደ በኋላ መልሶ ስለ መሥራት፦ ጥያቄና መልስ

በአሜሪካ በአንድ ሆስፒታል የፕላስቲክ ሰርጀሪ ክፍል የምሠራ ነርስ ነኝ። ከዚህ በታች የምመልሳቸው ጥያቄዎች በካንሰር ምክንያት ጡታቸው ከተወገደ ወይም የቀዶ ሕክምና ቀን ከተቆረጠላቸው እኅቶች የቀረቡ ናቸው። መልሶቼ የሐኪማችሁን ምክር አይተኩም።

ሲስተር፣ ሲሊኮን ይሻለኛል ወይስ ከሆዴ የሚወሰድ ሥጋ?

እኅቴ፣ አስቀድመው «ጨረር ይታዘዝልኛል ወይ?» ብለው የካንሰር ሐኪምዎን ይጠይቁ፤ በእኔ አስተያየት የቀረው ሁሉ የሚወሰነው በዚህ መልስ ነው። ጨረር ቆዳንና የደም ሥሮችን ስለሚጎዳ፣ ሰውነት በሲሊኮኑ ዙሪያ የሚሠራው ሽፋን እየጠበበ ጡቱን የማጠንከርና የማሳመም ዕድሉ ይጨምራል፤ ስለዚህም ጨረር ለወሰደች ሴት ብዙ ሰርጀኖች የራሷን ሥጋ ይመርጣሉ።

ሲሊኮን ብዙውን ጊዜ በሁለት ደረጃ ይገባል። መጀመሪያ ባዶ ከረጢት ይቀመጥና በየቀጠሮው በመርፌ እየተሞላ ቆዳውን ይለጥጣል፤ ከወራት በኋላም በሲሊኮን ይተካል። ቀዶ ሕክምናው አጭር ቢሆንም ሲሊኮኑ የዕድሜ ልክ አይደለም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2020 ባወጣው ምክር መሠረት፣ የሕመም ምልክት ባይኖርም ከገባ ከ5 እስከ 6 ዓመት ባለው ጊዜ፣ ከዚያም በየ2 ወይም 3 ዓመቱ በኤምአርአይ ወይም በአልትራሳውንድ መታየት አለበት።

«ዲፕ» በሚባለው ዘዴ ደግሞ ከእምብርት በታች ያለው ቆዳና ስብ ከነደም ሥሩ ይነሣና፣ በማይክሮስኮፕ እየታየ ከደረት የደም ሥር ጋር ይሰፋል፤ የሆድ ጡንቻ በቦታው ይቀራል። ቀዶ ሕክምናው ብዙ ሰዓታት ይፈጃል። የሚያጨሱ ከሆነ ከሳምንታት በፊት ማቆም ግድ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነርሶች ሌሊቱን ሙሉ እየመጣን ሥጋው ደም እያገኘ መሆኑን እናያለን። በጥቁር ቆዳ ላይ የቀለም ለውጥ ቶሎ ስለማይለይ፣ ሙቀቱን በእጃችን ዳብሰን፣ የደሙንም ድምፅ «ዶፕለር» በሚባለው መሣሪያ አዳምጠን ነው የምናረጋግጠው፤ ከእንቅልፍ ስንቀሰቅሳችሁ አትቀየሙን።

ኢንሹራንሴ «ይህ የውበት ሥራ ነው» ቢለኝስ?

ጡት ለማስወገድ የሚከፍል የግል ወይም የመሥሪያ ቤት ኢንሹራንስ፣ በ1998 በወጣው የፌዴራል ሕግ መሠረት መልሶ ለመሥራትም መክፈል አለበት። ሕጉ ሁለቱ እኩል እንዲሆኑ በጤነኛው ጡት ላይ የሚደረገውን ቀዶ ሕክምና፣ በጡት መያዣ ውስጥ የሚደረገውን ሰው ሠራሽ ጡትና የክንድ እብጠትን ሕክምና ጭምር ይሸፍናል። ከኪስ የሚከፈለው ድርሻ ግን አይቀርም። ሜዲኬድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ) እንደየስቴቱ ስለሚለያይ አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል።

ጡቴ ከተወገደ 6 ዓመት ሆኖኛል፤ አልረፈደም?

አልረፈደም።

አዲሱ ጡት ካንሰሩ ቢመለስ አይደብቀውም? ስሜትስ ይኖረዋል?

መልሶ መሥራት ካንሰሩን አያመጣውም፤ ቢመለስም አብዛኛውን ጊዜ ከቆዳው ሥር ስለሚወጣ በእጅ ይዳሰሳል። ክትትሉን ግን አያቋርጡ። ስሜትን በተመለከተ፣ ነርቮቹ ስለሚቆረጡ አብዛኛው ይጠፋል፤ በጊዜ ብዛት በከፊል የሚመለስላቸው አሉ። ሕመም ለማስታገሥ ሙቅ ውሃ የያዘ ላስቲክ ደረት ላይ ማድረግ በእኛ ባህል የተለመደ ነው፤ የደነዘዘ ቆዳ ግን ቃጠሎው ሳይሰማው ይቆስላልና ፈጽሞ አያድርጉት።

ቀጠሮዬ በዐቢይ ጾም ውስጥ ነው። መጾምና ጸበል መጠመቅ እችላለሁ?

ቁስል እንዲድን ፕሮቲን ያስፈልጋል። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ስለምታዝን የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ እጾማለሁ ካሉ ግን ሽሮና ምስሩን በርከት አድርገው፣ ሰዓቱን ሳያስረዝሙ ይመገቡ። ፈሳሽ ማውጫ ቱቦዎቹ ሳይወጡና ቁስሉ ሳይዘጋ ግን መጠመቁ ይቆይ፤ ውሃው ኢንፌክሽን ሊያስገባ ይችላል። ከቱቦዎቹ የሚወጣውን መጠን በየቀኑ በሚሊ ሊትር ይመዝግቡ፤ የሚወጡበትን ቀን ሰርጀኑ የሚወስነው ያንን አይቶ ነው።

ባለቤቴና እኅቶቼ «አሠሪው» ይሉኛል፤ እኔ ግን ሌላ ቀዶ ሕክምና አልፈልግም።

አለማሠራትም ሙሉ ምርጫ ነው፤ ለጤናዎ የሚጎድልብዎት ነገር የለም። ውሳኔዎን ግን ጡቱ ከመወገዱ በፊት ለሰርጀኑ በግልጽ ይንገሩት። «ምናልባት ሐሳቧን ትቀይር ይሆናል» ብሎ ትርፍ ቆዳ የሚተው ሰርጀን አለ፤ የተጣጠፈው ቆዳ ደግሞ ልብስ ሲለብሱ ያስቸግራል፣ በላብም ይቆስላል። ደረቱ ልሙጥ ሆኖ እንዲዘጋ መፈለግዎ በፈቃድ ፎርሙ ላይ እንዲጻፍ ይጠይቁ፤ ከመፈረምዎም በፊት ያንብቡት።