መነጽሩ ነው ወይስ መቀመጫው? ጥያቄና መልስ ከጅማ

ጅማ ውስጥ ትንሽ ቶርኖ ቤት አለኝ። ከዚያ በፊት ለዓመታት አዳኞችን ከሚያስተናግዱ ሰዎች ጋር ሠርቻለሁ። የእንግዶችን ጠመንጃ ማጽዳትና ማስተካከል የእኔ ድርሻ ነበር። ይህን የሰሙ ሰዎች ስለ ጠመንጃ መነጽር ይጠይቁኛል። ሰሞኑን የመጡትን እነሆ። የማወራው ፈቃድ ስላለው መሣሪያ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መነጽሬን አስተካክዬ በማግስቱ ሌላ ቦታ ይመታል። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ግን መጀመሪያ መቀመጫውን ጠርጥር። መነጽሩን ከጠመንጃው የሚያያይዘውን ብረትና ሁለቱን ቀለበቶች ማለቴ ነው። በቀለበቶቹ መካከል 10 ሴንቲ ሜትር አለ እንበል። የኋላው ብቻ በ0.1 ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ቢንሸራተት፣ 100 ሜትር ላይ ጥይትህ 10 ሴንቲ ሜትር ይስታል። 200 ሜትር ላይ 20። 0.1 ሚሊ ሜትር እኮ የአንድ ወረቀት ውፍረት ናት! ሁለቱም ቀለበቶች እኩል ቢንሸራተቱ ግን ልዩነቱ ያችው 0.1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነበረች። ጉዱ ያለው መጣመሙ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ርካሹም ውዱም ብረት አይደለም እንዴ? ልዩነቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ ልኩ ነዋ! ርካሾቹ ላይ ብዙ ጊዜ ሁለቱ ቀለበቶች አንድ መስመር ላይ አይውሉም። ስታጠብቃቸው የመነጽሩን ቱቦ ያጎብጣሉ። ብሎናቸውም ለስላሳ ነው፤ ሁለቴ ከፈታኸው ጥርሱ ይበላል።

ሌላም አለ። መቀመጫው የሚታሰረው ጠመንጃው ላይ ባለ ጎድጓዳ ጎድጓዳ ባለው ሐዲድ ነው። ፒካቲኒ የሚባለው የሐዲድ ዓይነት ጎድጓዳው 5.23 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። ዊቨር የሚባለው ሌላው ዓይነት ደግሞ 4.57 ነው። የዊቨር መቀመጫ ፒካቲኒ ላይ ይገባል፤ ግን ከግማሽ ሚሊ ሜትር በላይ ክፍተት ይተርፋል። ጠመንጃው ወደ ኋላ ሲራገጥ መነጽሩ ባለበት መቅረት ይፈልጋል፤ ስለዚህ በዚያች ክፍተት ወደ ፊት ይንሸራተታል። መፍትሔው ቀላል ነው። ብሎኑን ከማጥበቅህ በፊት መቀመጫውን ወደ አፈሙዙ ገፍተህ ከጎድጓዳው ግድግዳ ጋር አስደግፈው።

ጥያቄ፦ እስኪያቅተኝ ላጥብቀው?

መልስ፦ ኧረ በፍጹም! ለቀለበት ብሎን ብዙ አምራቾች የሚሉት 2 ኒውተን ሜትር (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ ነው) አካባቢ ነው። ከመቀመጫው ጋር የመጣውን ወረቀት አንብብ፣ ልክ የሚያሳይ መፍቻ ተዋስ። ከልክ በላይ ካጠበቅክ ቱቦውን ትጨፈልቃለህ። ከጠመንጃው ጋር የሚገናኙትን ብሎኖች ደግሞ ዘይታቸውን በደንብ ጥረግ፤ ዘይት የነካው ብሎን ቶሎ ይላላል። ከጠበቀ በኋላ ከብሎኑ ራስ እስከ መቀመጫው ድረስ በጥፍር ቀለም አንድ መስመር አስምር። መስመሩ ከተሰበረ ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው። (ቀይ ጥፍር ቀለሟ የት እንደሚሄድ ባለቤቴ አሁን ገባት።)

ጥያቄ፦ የጅማ ዝናብ ያበላሸዋል?

መልስ፦ መቀመጫውን ብዙም አይነካውም። ሰደፉ እንጨት ከሆነ ግን እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ በርሜሉን ይገፋል። ያኔ መቀመጫው ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል።

ጥያቄ፦ በአያቴ ምንሽር ላይስ መነጽር ማሰር ይቻላል?

መልስ፦ ተው። ቅርስ አትቦርቡር።

ጥያቄ፦ ጥፋቱ የማን እንደሆነ በምን ልለይ?

መልስ፦ መጀመሪያ የቀለሙን መስመር እይ። ካልተሰበረ፣ ደህና መሆኑን የምታውቀውን ሌላ መነጽር እዚያው መቀመጫ ላይ እሰርና በተፈቀደ ቦታ አምስት ጥይት ተኩስ። አሁንም የሚዋልል ከሆነ መነጽርህ ንጹሕ ነው። ባለፈው ክረምት አንድ ሰው ከአጋሮ መጣ። የመጀመሪያው ስለዋለለበት ሁለተኛ መነጽር ገዝቶ ነበር፣ እሱም ዋለለበት። ሐዲዱን ከጠመንጃው የሚያያይዘው የፊት ብሎን በጣቴ ዞረ።