የእድሩን መዝገብ ለምትረከቡ ወጣቶች

የተወደዳችሁ ልጆቼ፣

በአቃቂ ዳርቻ የሚገኘውን የሰፈራችንን እድር እንድትመሩ ተመርጣችኋልና፣ ከእናንተ በፊት ለዓመታት ዳኛ ሆነው ስላገለገሉት ሻለቃ ልጽፍላችሁ ወደድሁ። ብዙዎቻችሁ የምታውቋቸው በ1969 ዓ.ም. ክረምት የሶማሊያ ጦር ኦጋዴንን በወረረ ጊዜ በኤፍ-5 ተዋጊ አውሮፕላን በመዋጋታቸውና በተሸለሙት ኒሻን ነው። በዚያ ጦርነት የአየር ኃይላችን አብራሪዎች የከፈሉት ዋጋ፣ ብርጋዴር ጄኔራል ለገሠ ተፈራ በሶማሊያ እስር ቤት ያሳለፏቸው 11 ዓመታት ጭምር፣ ሊዘነጋ አይገባም። እኔ ግን ያኔ በደብረ ዘይት የጥገና ቴክኒሺያን ስለነበርሁ፣ ሻለቃውን የማስታውሳቸው ገና ከመሬት ሳይነሡ ነው።

እያንዳንዱ አውሮፕላን የራሱ መዝገብ አለው፤ አብራሪው ያየውን ጉድለት ይጽፍበታል፣ ቴክኒሺያኑ የጠገነውን ጽፎ ይፈርማል፣ ቀጣዩ አብራሪም ያንን አንብቦ ሳይፈርም አይነሣም። አንድ ማለዳ የሃይድሮሊክ ቱቦ መጋጠሚያ ካጠበቅሁ በኋላ በግፊት ሳልፈትሸው ፈረምሁ። ያኔ መቶ አለቃ የነበሩት ሻለቃ መዝገቡን አንብበው፣ «በግፊት አይተኸዋል?» አሉኝ። አላየሁትም አልኋቸው። ስንፈትሸው ዘይቱ ይንጠባጠብ ነበር። አልተቆጡኝም፤ የሆነውን በገዛ እጄ እንድጽፍ አደረጉኝ፣ በረራውም ዘገየ። ጦር ሜዳ ላይ ወገን እየጠበቀ በረራ ማዘግየት ከኒሻኑ ያላነሰ ድፍረት እንደሚጠይቅ እስከ ዛሬ አምናለሁ።

ጡረታ ወጥተው የእድሩ ዳኛ ሲሆኑ ይህንኑ ልማድ ይዘው መጡ። ድንኳኑና ብረት ድስቱ ወጥቶ ሲመለስ ሰጪውም ተቀባዩም ይፈርማሉ፤ የተቀደደ ድንኳን ደህና ነው ተብሎ አይታጠፍም ነበር።

አንድ ክረምት ግን እርሳቸውም ተሳሳቱ። ልጆች ወደ ትምህርት ቤት ሲሄዱ የሚቸገሩበትን ቦይ በቱቦ ለማሻገር ነዋሪው ገንዘብ አዋጥቶ ነበር፤ ሥራው በምስክሮች ሳይታይ የመጨረሻውን ክፍያ ፈቀዱ፣ በመጀመሪያውም ከባድ ዝናብ ዳሩ ተናደ። ጥፋቱን በሠራተኛው ቢያሳብቡ የሚከራከራቸው አልነበረም። እርሳቸው ግን በጠቅላላ ጉባኤው ፊት ቆመው፣ «ሳላይ የፈረምሁት እኔ ነኝ» አሉ፤ በቃለ ጉባኤውም እንዲሰፍር አዘዙ። አንዳንዱ አባል ክፉኛ ተቆጣ፣ ከእድሩ የወጡም ነበሩ። ጥገናው ሲያልቅ ግን አባላቱ ራሳቸው ወርደው እያዩ ተረከቡት።

መዋጮውን በቴሌብር መሰብሰብ መጀመራችሁ መልካም ነው፤ ነገር ግን ስልኩ የድንኳኑን መቀደድ አይነግራችሁምና ሄዳችሁ እዩት። ያ ቃለ ጉባኤ አሁንም በእድሩ ሣጥን ውስጥ አለ። ቁልፉን ስትረከቡ ከሁሉ አስቀድማችሁ እርሱን አውጥታችሁ አብራችሁ አንብቡት፤ የሻለቃው ፊርማ ከግርጌው ይገኛል።