«ጤና ኬላ እንዳትናገሪ» አሉኝ

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደምን ከርመሻል? የምጽፍልሽ ከመንዝ ነው። በሰፈራችን ሦስት ልጆች ትኩሳት ይዟቸው ሰውነታቸው ሽፍ ብሏል። እናቶቻቸው «ኩፍኝ መርፌ አይወድም፣ ጤና ኬላ እንዳትናገሪ» አሉኝ። የእኔ ልጅ በ9 ወሩ ተከትቧል፣ አሁን ዓመት ሊሞላው ነው። ብናገር ጎረቤት ይቀየመኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ዛሬውኑ ተናገሪ። ኩፍኝ መሆኑን ማረጋገጥ ያንቺ ሥራ አይደለም። ትኩሳትና ሽፍታ ካለ፣ በዚያ ላይ ሳል፣ ንፍጥ ወይም የዓይን መቅላት ከታየ ለጥርጣሬ ይበቃል። የጤና ኤክስቴንሽኗም እንደሰማች በ30 ደቂቃ ውስጥ ለጤና ጣቢያ ማሳወቅ አለባት። ደም ተወስዶ የሚመረመረው ከዚያ በኋላ ነው።

የመቀያየሙን ነገር አውቀዋለሁ። እዚያው መንዝ በበሽታ ቅኝት ሥራ ላይ ሳለሁ ባና ተከናንበው ጓዳ የተኙ ልጆች ብዙ አይቻለሁ። በጨለማ ቤት ሽፍታ አይታይም። እናትየዋን ለምኜ ልጁን ወደ በሩ ጠጋ ስናደርገው፣ ከጆሮው ጀርባ ጀምሮ ፊቱን ሞልቶት አገኘዋለሁ። ዓይኑ ደም መስሎ እንባው ይወርዳል። እናትየዋ የደበቀችው ስለፈራች ነው። «ማን ነገረሽ?» ስትለኝ ግን ተናግሬ አላውቅም።

ልጆቹን ቤት ማዋላቸው ልክ ነው። ሽፍታው ከወጣ በኋላ ቢያንስ 4 ቀን ከሰው አይቀላቀሉ። ችግሩ በሽታው ሽፍታው ሳይወጣ 4 ቀን ቀድሞም ይተላለፋል። ዝም ሲባል ሌላው ቤት ገብቷል ማለት ነው።

መርፌውን አትፍሩ በያቸው። በኩፍኝ ልጅ የሚሞተው በመርፌው ሳይሆን ሳንባ ምችና ተቅማጥ ሲከተሉት ነው። መጀመሪያ የሚሰጠው ቫይታሚን ኤ ደግሞ ጫፏ ተቆርጣ አፍ ውስጥ የምትጨመቅ ትንሽ እንክብል ናት። ዓይንም ታድናለች።

ወደ ልጅሽ ልምጣ። በ9 ወር ከተከተቡ 100 ልጆች በደንብ የሚጠበቁት 85 ያህሉ ናቸው። ስለዚህ 15 ወር ሲሞላው ሁለተኛውን አስከትቢ። የወረርሽኝ ዘመቻ ቀድሞ ከመጣ ግን ያን ጊዜም ይከተብ። አንዱ ብልቃጥ ለ10 ልጅ ነው፤ ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም። በዚህ ሰበብ «ልጅ አልሞላም፣ ሌላ ቀን ነይ» ይባላል። ይሄ በጣም ያናድደኛል። ዳገት ወጥታ የመጣች እናት ተመልሳ ላትመጣ ትችላለች። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ለአንድ ልጅም ቢሆን ይከፈት ነው። እምቢ ካሉሽ አጥብቀሽ ጠይቂ።

ጤና ኬላው ተዘግቶ ካገኘሽው 8335 ደውዪ፣ ነጻ ስልክ ነው።