ቲዎሪ ወይስ ቅሬ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንዴት ከረሙ? የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። ደሴ፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ ሶሲዮሎጂ እማራለሁ። ወደፊት በዩኒቨርሲቲ ማስተማር እፈልጋለሁ። ቲዎሪ እወዳለሁ፤ በተለይ ጀርመናዊውን የሶሲዮሎጂ ሊቅ ጊዮርግ ዚመልን። የሰፈራችንን ቅሬ፣ ማለትም የቀብርና የለቅሶ መረዳጃ ማኅበራችንን፣ ማጥናትም ያምረኛል። ጓደኞቼ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይሉኛል። የቱን ልያዝ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱንም ያዢ። ለተማሪዎቼ ዘወትር የማነሳላቸው አሜሪካዊውን የሶሲዮሎጂ ምሁር ፕሮፌሰር ዶናልድ ሌቪንን ነው። ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ በ1957 እ.ኤ.አ. ዶክትሬታቸውን ያዙ። ከዚያ አገራችን መጡ፣ መንዝ ገብተው ከገበሬው ጋር ኖሩ፣ አማርኛም ለመዱ። ተመልሰው ቺካጎ ማስተማር ጀመሩ። ስለ አማራ ባህል የጻፉት መጽሐፍ በ1965 ወጣ፤ ስለ መላው ኢትዮጵያ የጻፉት ደግሞ በ1974። በመሃል፣ በ1971፣ ምን አሳተሙ መሰለሽ? የዚመልን ጽሑፎች በእንግሊዝኛ አሰባስበው! ያንቺኑ ዚመል። በ2015 እ.ኤ.አ. እስኪያርፉ ድረስ ቲዎሪውንም ኢትዮጵያንም አልተዉም።

የኛ አገር የማዕረግ መንገድ ረጅም ነው፤ ከሌክቸረር ወደ ረዳት፣ ወደ ተባባሪ፣ ከዚያ ወደ ሙሉ ፕሮፌሰር። ይህ አያስፈራሽ። ዚመልም ሙሉ ፕሮፌሰር የሆነው በ1914 እ.ኤ.አ.፣ በ56 ዓመቱ ነው።

አሁን ወደ ሰፈርሽ እንምጣ። ዚመል በ1908 እ.ኤ.አ. ስለ እንግዳ ሰው ጽፏል። ዛሬ መጥቶ ነገ ስለሚሄደው አይደለም፤ ዛሬ መጥቶ ነገም ስለሚቀረው ነው። አጠገብሽ ይኖራል፣ ግን የሰፈሩ ልጅ አይባልም። ይህን ይዘሽ ኮምቦልቻን እያት። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከገጠር መጥተው አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ ሠራተኞች አሉ። ቅሬያችን እስላም ክርስቲያን ሳይል ጎረቤቱን ይቀብራል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ለቀስተኛ ይቀበላል። ተከራይዋስ? የአባቷ መርዶ ቢደርሳት ማን አብሯት ይቀመጣል? በአከራይዋ በኩል ትገባለች ወይስ ለብቻዋ ትመዘገባለች? ክፍል በቀየረች ቁጥር ቅሬም ትቀይራለች? እኔን ይህ ጉዳይ ከልቤ ያሳስበኛል። ሰው ከቤቱ ርቆ ሲያዝን ብቻውን መሆን የለበትም። ቲዎሪሽና ቅሬሽ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው፤ ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል።

ስትጀምሪ ቤተሰቦችሽ ከቅሬው ዳኛ፣ ማለትም ከመሪው፣ ጋር ያስተዋውቁሽ። የምትሠሪውን በግልጽ ነግረሽ አስፈቅጂ። መዝገብ ካሳዩሽ የሰው ስም አትገልብጪ። ተከራዮቹን አከራያቸው ባለበት አትጠይቂ፤ እውነቱን አይነግሩሽም። ከፈረቃ ሲወጡም ደክሟቸዋልና የዕረፍት ቀናቸውን ጠብቂ። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አራት ቃለ መጠይቆች እንደጨረስሽ ለአማካሪሽ አሳዪ፤ ጥያቄዎችሽ መስተካከላቸው አይቀርም።