ስለ ምን ተመስገን?

ልጆቼ፣

ሐዋሳ ውስጥ ጠዋት ከቤቱ የወጣ ሰው ሥራው እስኪደርስ ድረስ «እግዚአብሔር ይመስገን» ያላለበት ደጅ የለም። ጎረቤት «እንዴት አደራችሁ?» ይላል፣ ባጃጅ ነጂው ይጠይቃል፣ ጉልት ላይ ሽንኩርት የዘረጋችውም ትጠይቃለች፤ መልሱ አንድ ነው። ይህን ሰላምታችንን እወደዋለሁ። ያሳዘነኝ አፋችን የለመደው ነገር ልባችን ሳይሰማው ማለፉ ነው፤ የምጽፍላችሁም ለዚሁ ነው።

ዕድሜዬን የጨረስኩት በአዋላጅ ነርስነት ነው። ማዋለጃ ክፍል ምስጋና የሚበዛበት ቤት ነው። ምጥ ሲጠና «ማርያም፣ ማርያም» ይባላል፤ ሕፃኑ ሲያለቅስ በር ላይ የቆሙት እልል ይላሉ፤ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይከተላል። ፕሮቴስታንቷ እናትም በሲዳምኛ ወይም በወላይትኛ ጌታዋን ታመሰግናለች። በዚያች ደቂቃ የእኔ እጅ ሥራ ላይ ነበር። ማህፀን አጠንክሮ ደም የሚገታውን መድኃኒት፣ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን፣ ጭኗ ላይ እወጋለሁ፤ የእንግዴ ልጁ ሳይጎድል መውጣቱን አያለሁ፤ ማህፀኗ መጠንከሩን ዳስሼ ደሟን እጠብቃለሁ። ብዙ እናቶችን የሚነጥቀን ልጁ ከተወለደ በኋላ የሚፈሰው ደም ነውና። ማህፀኗ ከእጄ ሥር ድንጋይ ሲሆን «ይህን ስላጠነከርክልን ተመስገን» እላለሁ። ከዚያች ምስጋና የበለጠ ልቤን ያሞቀው ጸሎት የለም፤ ስለ ምን እንደማመሰግን በእጄ ዳስሼዋለሁና።

ቅዳሴ የምታስቀድሱ ጸሎተ አኮቴቱን፣ የምስጋናውን ጸሎት፣ ታውቁታላችሁ፤ ሸፍኖናልና፣ ረድቶናልና፣ ጠብቆናልና፣ እስከዚህች ሰዓት አድርሶናልና ይላል። ያደረገልንን በየስሙ እየጠራ ነው የሚያመሰግነው። ታኅሣሥ 19 ገብርኤል ደጅ ጥላና ሻማ ይዘው ስለት የሚያስገቡትንም ጠይቋቸው፤ ስለ ምን እንደመጡ ሁሉም ያውቃል። ስለት የሌለበት ተራ ማክሰኞም እንዲሁ ይሁንላችሁ። ማታ ከመተኛታችሁ በፊት የዚያን ቀን አንድ ነገር በስሙ ጥሩ። ትኩሳቱ የለቀቀው ወንድማችሁ ሊሆን ይችላል፣ የተከፈለ የቤት ኪራይም ሊሆን ይችላል። ትንሽ ነው ብላችሁ አትተዉት።

እግዚአብሔር የሚረዳን ብዙ ጊዜ በሰው እጅ ነው። ደም የፈሰሳት እናት የምትተርፈው ማንነቱን በማታውቀው ሰው ደም ነው፤ ከረጢቱ ላይ የሰጪው ስም አይጻፍም። ስለዚህ እናታችሁ ወይም እህታችሁ በሰላም ከተገላገለች፣ እናንተም ጤነኞችና 18 ዓመት የሞላችሁ ከሆናችሁ፣ ደም ባንክ ሂዱ። በየ3 ወሩ መስጠት ይቻላል። እኔ ይህን ከመዝሙር አሳንሼ አላየውም።

አንድ አደራ አለኝ። ልጇ የሞተባትን እናት «አታልቅሺ፣ ተመስገን በይ» ሲሏት ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ በሰማሁ ቁጥር ያመኛል። «በሁሉ አመስግኑ» የሚለው ቃል የተጻፈው ለራሳችን ነው፤ የሰው አፍ መዝጊያ አናድርገው። የኢዮብ ወዳጆች ከእርሱ ጋር ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት መሬት ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ ደግ ነበሩ፤ ያቆሰሉት መናገር ሲጀምሩ ነው። ዳዊትም «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ አልቅሶ ነው እዚያው መዝሙር ላይ ምስጋና የደረሰው፤ ማንም አላጣደፈውም። እርሷም በጊዜዋ ትደርስ ይሆናል፤ ያ በእርሷና በአምላኳ መካከል ነው። እናንተ አጠገቧ ተቀመጡ፣ ውኃ አቀብሏት፣ ልጇን ልቀፈው ካለች አትከልክሏት። በሦስተኛው ቀን ገደማ ጡቷ ወተት ይሞላል፣ ያማታልም፤ ለቅሶ የመጣው ሰው ያን ጊዜ ሄዷል። በዚያን ቀን ሂዱላት።