ቂጥኝ አለብሽ ተባልኩ፤ ባሌ ደግሞ «ከየት አመጣሽው?» ይለኛል

ጥያቄ፦ ሰላም ሲስተር፣ የምጽፍልሽ ከፍኖተ ሰላም አካባቢ ነው። የአራት ወር እርጉዝ ነኝ። ለክትትል ጤና ጣቢያ ስሄድ ደም ወሰዱና ቂጥኝ አለብሽ አሉኝ። እኔ ምንም አያመኝም፣ ቁስልም ፈሳሽም የለኝም። መርፌ ትወጊያለሽ፣ ባልሽንም ይዘሽ ነይ ተባልኩ። እሱ «ከየት አመጣሽው?» ብሎ አኮረፈ። ሳንጋባ በፊት መተማ ሰሊጥ እርሻ ሲሠራ ይከርም ነበር፣ ግን አላነሳሁበትም። አማቴ ደግሞ መርፌው ጽንሱን ይጎዳል፣ ጠበል ይሻልሻል ይላሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ መርፌሽን ተወጊ። ነገ ዛሬ አትበዪ። ቤንዛታይን ፔኒሲሊን ይባላል፤ በእርግዝና ጊዜ ለቂጥኝ የሚታመነው እሱ ነው፣ በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ጽንሱንም ያክማላ። አማትሽ ለልጁ አስበው ነው፣ ግን ጽንሱን የሚጎዳው ሳይታከም የቀረ ቂጥኝ ነው፦ ያስወርዳል፣ ልጁ ሞቶ ወይም ያለ ጊዜው እንዲወለድ ያደርጋል፣ በሕይወት ቢወለድም ታሞ ሊወለድ ይችላል። መቼ እንደያዘሽ ካልታወቀ በየሳምንቱ አንድ አንድ፣ በድምሩ 3 ጊዜ ትወጊያለሽ፣ መሃል ላይ ማቋረጥ የለም። ከዚህ በፊት ፔኒሲሊን ተወግተሽ አሳክኮሽ ወይም አሳብጦሽ ከሆነ ግን ሳትወጊ ተናገሪ። በተወጋሽበት ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ቢልሽ አትደንግጪ፣ አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ይተዋል፤ ቁርጠት ወይም ደም ካየሽ ግን ቶሎ ተመለሺ። ከፋርማሲ በራስሽ ኪኒን መግዛትም ይቅርብሽ፣ ዶክሲሳይክሊን ለእርጉዝ አይሆንም።

ጠበሉን ማን ከለከለሽ? ጠጪም ተጠመቂም፣ መርፌሽን ሳትተዪ።

ወደ ባልሽ ልምጣ። የቂጥኝ የመጀመሪያ ቁስል አያምም፣ ሳይታከምም ይጠፋል፣ ሴት ላይ ደግሞ ውስጥ ከወጣ ጭራሽ አይታይም። ከዚያ ምንም ሳያሳይ ለዓመታት ደም ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ ምርመራው ማን እንዳመጣው አይናገርም፣ መቼ እንደመጣም አይናገርም። እንዲያውም ፈጣኑ ምርመራ ድሮ ታክሞ የዳነ ሰው ላይም «አለ» ሊል ይችላል። የመተማውን ነገር አለማንሳትሽን ወድጄዋለሁ፤ አንዴ ክርክሩ ከተጀመረ እሱ ጤና ጣቢያ ሳይሄድ ልጁ ሊወለድ ነው። እሱ ካልታከመ ደግሞ አንቺ ብትድኚም መልሶ ያስይዝሻል። «ለልጃችን ስንል አብረን እንሂድ» በዪው። እምቢ ካለ አዋላጇ እንድታስረዳው ጠይቂ፣ ከባለሙያ ሲሰማ የሚለሳለስ ብዙ ወንድ አይቻለሁ። እጁን ያነሳብኛል ብለሽ ከፈራሽ ግን መጀመሪያ ለብቻሽ ሄደሽ ንገሪያት። ሁለታችሁም ታክማችሁ እስክትጨርሱ ግንኙነት ይቅር።

በነገራችን ላይ የኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ ምርመራም የክትትሉ አካል ናቸው፣ ውጤትሽን ጠይቂ፤ ሁለቱም ቢገኙ ልጁ እንዳይያዝ የሚደረግ ነገር አለ። ጨብጥና ክላሚዲያ ግን በዚያ የደም ምርመራ አይታዩም፣ ስለዚህ ሽታ ያለው ፈሳሽ ወይም ሽንት ስትሸኚ ማቃጠል ከመጣ ሳታፍሪ ተናገሪ። ጨብጥ በምጥ ጊዜ የልጁ ዓይን ውስጥ ይገባል፣ እስከ ማሳወርም ይደርሳል። ልጁ እንደተወለደ ዓይኑን የሚቀቡት ቴትራሳይክሊን ለዚህ ነውና ዘመድ «ተዉት» ቢልም አስቀቢው።

መርፌ የተወጋሽባቸው ቀናት ክትትል ካርድሽ ላይ መጻፋቸውን እይ። ስትወልጂ ካርዱን ይዘሽ ሂጂ፣ ልጁንም የሚመረምሩት ያንን አይተው ነው።